ጀርባውን ለባሕር የሰጠ ምሽግ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደቡብ እንግሊዝ ባሕር ዳር ሣር የወረሳቸው አሮጌ ምሽጎች ሞልተዋል። ብዙዎቹ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን፣ በ1860ዎቹ የተጀመሩ ናቸው (ቁጥሩ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሲሞቱ የፖርትስማውዝ የባሕር ላይ ምሽጎች ገና ተሠርተው አላለቁም ነበር። ስለ ምሽጎቹ የሚወራው ግን ግማሹ ልክ አይደለም።

«መሐንዲሶቹ ተሳስተው መድፉን ወደ ኋላ አዞሩት»

ይህ የሚባለው ከፖርትስማውዝ ወደብ በላይ ስላሉት የፖርትስዳውን ኮረብታ ምሽጎች ነው። በእርግጥም ፊታቸው ወደ ሰሜን፣ ወደ የብስ ነው። የተፈራው የፈረንሳዩ ንጉሠ ነገሥት የናፖሊዮን ሣልሳዊ ጦር ሌላ ቦታ ወርዶ፣ ዞሮ ከኋላ እንዳይመጣ ነበር። ኮረብታውን ከያዘ በአዲሶቹ ረጅም ርቀት መቺ መድፎች ወደቡን ቁልቁል ይደበድበዋል። ፈረንሳይ በ1871 በፕሩሻ ስትሸነፍ ስጋቱ ረገበ። ምሽጎቹም ባስጀመራቸው ጠቅላይ ሚኒስትር ስም «የፓልመርስተን ቂልነት» ተብለው ቀሩ።

«ጠባቡ መተላለፊያ የምስጢር ዋሻ ነው»

ይህን እኔም አምኜ ነበር። ከባሩድ ማከማቻው ግድግዳ ጀርባ ሰው እንደምንም የሚያልፍበት መንገድ አለ፤ ግድግዳው ላይ ደግሞ ትንንሽ መስኮቶች። ነገሩ የመብራት ጉዳይ ነው። ባሩድ ያለበት ክፍል ፋኖስ ይዞ መግባት ሞትን መጥራት ነው። ስለዚህ መብራቱን የሚይዘው ሰው በጀርባ ዞሮ ፋኖሱን ከመስታወቱ ኋላ ያስቀምጣል። ብርሃኑ ይገባል፣ እሳቱ ውጭ ይቀራል። ውስጥ የሚሠሩትም ልብስና ጫማ ቀይረው ነበር የሚገቡት፤ ሚስማር ያለው ጫማ ብልጭታ ይፈጥራላ! ጥንቃቄው የከንቱ አልነበረም። በ1900 የብሪን ዳውን ምሽግ ባሩድ ቤት ፈንድቶ ከፊሉን አፈራርሶታል።

«የተተወ ነገር ባለቤት የለውም»

አለው። እንግሊዝ ውስጥ ያለፈቃድ መግባት ብቻውን በአብዛኛው የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው። ቁልፍ መስበር ግን ወንጀል ነው። ምሽጉ በቅርስነት ከተመዘገበ፣ ያለፈቃድ የብረት መፈለጊያ መሣሪያ ይዞ መዞርም ያስከስሳል። ጣሪያው ላይ የተንጠለጠሉት የሌሊት ወፎችም በሕግ የተጠበቁ ናቸው።

«ከ150 ዓመት በኋላ ጥይቱ ሞቷል»

አንዳንዶቹ ምሽጎች በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም አገልግለዋል። የብሪታንያ የባሕር ጠረፍ መድፈኛ ጦር የተበተነው በ1956 ነው። ስለዚህ የዛገው ብረት እንደመሰላችሁ አሮጌ ላይሆን ይችላል። ቢሆንም እንኳ ፈንጂ ሲያረጅ አይለዝብም። አትንኩት፤ በመጣችሁበት ተመልሳችሁ ወደ እንግሊዝ የድንገተኛ አደጋ ቁጥር 999 ደውሉ።

«ግድግዳው ወፍራም ነው፣ አያሰጋም»

የሚያሰጋው ወለሉ ነው። ዓረር ከምድር ቤት ወደ መድፉ የሚወጣበት ቀዳዳ ነበር፤ የእንጨት ክዳን ከነበረው ዛሬ በስብሷል። ላይ ላዩን ሣር እየረገጡ ሲሄዱም መሬቱ ድንገት አልቆ ከሥሩ ጥልቅ የመከላከያ ቦይ ይመጣል።

ውስጡን ማየት የጓጓ ፎርት ኔልሰን ይሂድ። ፖርትስዳውን ላይ ነው፣ አሁን የመድፍ ሙዚየም ሆኗል። ፋኖስም መያዝ አያስፈልግም።