ላይ ጽድ፣ ታች ግራር
ከደሴ በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ወደ ኮምቦልቻ የወረደ ሰው «የዕፅዋት ክልል» የሚባለውን ነገር፣ ማለትም እንደ አየሩና እንደ አፈሩ አንድ ዓይነት ዕፅዋት በብዛት የሚበቅሉበትን አካባቢ፣ በዓይኑ አይቶታል፤ ግራ የሚያጋባው ስሙ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ደጋ፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ ያለች ወይና ደጋ ናት። 1,000 ሜትር በወጡ ቁጥር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ ላይ ለጽድ፣ ታች ለግራር ይመቻል።

አየሩ ግን ብቻውን አይወስንም። ጥቁሩን የዋልካ አፈር በበጋ እዩት፦ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ከፍቶ የችግኙን ሥር ይበጥሳል። በክረምት ደግሞ ውሃ አቁሮ ሥሩን ያፍነዋል። እንዲህ ባለው ሜዳ ሣር ይበረታል፣ ዛፍ ይሳሳል።

የደሴው ባሕር ዛፍስ? እሱ ከአውስትራሊያ የመጣ እንግዳ ስለሆነ የዕፅዋት ክልሉ በእሱ አይለይም፤ የሚለየው በተፈጥሮ ዕፅዋት ነው፤ «የተፈጥሮ ዕፅዋት» የሚባለው የሰው እጅ ባይገባበት ኖሮ የሚበቅለው ነው።