ሳይሰደቡ የሚደርስ ዘረኝነት
«ማንም ካልሰደበ ዘረኝነቱ የታለ?» የሚለው ጥያቄ ስለተደጋገመ ላብራራው። ሰው በሰው ላይ የሚፈጽመው ዘረኝነት ባለቤቱ ይታወቃል፦ ስድብ፣ ንቀት፣ «ለጥቁር አላከራይም» ማለት። የተቋም ዘረኝነት ግን ደንቡና አሠራሩ ውስጥ ነው ያለው።

አሜሪካን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የፌዴራል መንግሥት ተቋማት ጥቁሮች የሚኖሩባቸውን ሰፈሮች በካርታ ላይ ቀይ ቀብተው «አደገኛ» አሏቸው፤ የቤት ብድርም ተነፈጋቸው። የባንኩ ሠራተኛ ብድር ሊጠይቅ ለመጣ ሰው ወንበር ስቦ፣ በትሕትና አናግሮት፣ አድራሻውን ሲያይ «አይቻልም» ሊለው ይችል ነበር። ክፉ ቃል አልወጣውም፤ የጠያቂው ቤተሰብ ግን ለልጆቹ የሚያወርሰው ቤት ሳይኖረው ቀረ። ለእኔ ከስድብ የሚከፋው ይኼ ነው፤ ሠራተኛው ቢቀየርም መልሱ አይቀየርምና። ይህ የብድር ክልከላ በሕግ የተከለከለው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው።

የሁለቱ ልዩነት ይኸው ነው፣ አያከራክርም። አንድ የዛሬ ደንብ አድሏዊ ነው ወይ የሚለው ግን እንደየአገሩና እንደየደንቡ ይለያያል፤ ጉዳቱ ማን ላይ እንደሚያርፍ መታየት አለበት።