«ኔፌሽ» ምንድን ነው?

በጠራራ ፀሐይ ረጅም መንገድ የመጣ ሰው ቤት ይገባና አንድ ጣሳ ውኃ ግጥም አድርጎ ይጠጣል። ከዚያ ቁጭ ብሎ «እፎይ፣ አሁን ነፍሴ መለስ አለች» ይላል። ስለ ወዲያኛው ዓለም እያወራ አይደለም። ጉሮሮው ራሰ፣ ትንፋሹ ተመለሰ፣ በቃ። የዕብራይስጡን «ኔፌሽ» ለመረዳት ከዚህ ሰውዬ የተሻለ መነሻ አላገኘሁም።

ኔፌሽ በብሉይ ኪዳን አብዛኛውን ጊዜ «ነፍስ» ተብሎ የሚተረጎመው ቃል ነው። ከ750 ጊዜ በላይ ይገኛል። ከእኛ ነፍስ ጋር የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ ዐረብኛውም ያው «ነፍስ» ነው። ችግሩ ቃሉን ስንሰማ የሚመጣብን ሥዕል ነው። ነፍስ ሲባል ብዙዎቻችን ሥጋ ውስጥ ያደረ፣ የማይታይ ነገር እናስባለን። ኔፌሽ ግን አንዳንዴ ቃል በቃል ጉሮሮ ነው። ኢሳይያስ 5፥14 ላይ ሲኦል አፏን ያለ ልክ ስትከፍት አብራ የምታሰፋው ኔፌሽዋን ነው፤ ሰው የምትውጥበትን ጉሮሮዋን ማለት ነው። መዝሙር 69 (በግእዙ ቁጥር 68) ላይ ደግሞ አንድ ሰው ጭቃ ውስጥ እየሰመጠ «ውኃው እስከ ኔፌሽ ደርሷል፣ አድነኝ» ብሎ ይጮኻል። አማርኛው «እስከ ነፍሴ» ስለሚል እኔ ለዓመታት የልብ ጭንቀት ብቻ አድርጌ ነበር የማነበው። ለካ አንገቱ ላይ የደረሰ ውኃ ነው!

ከጉሮሮ ወደ ትንፋሽ፣ ከትንፋሽ ወደ ሕይወት፣ ከዚያም ወደ ሰውዬው ራሱ ይሄዳል። «ነፍስ በነፍስ» ሲባል ሕይወት በሕይወት ነው። ዘጸአት 1፥5 ከያዕቆብ የወጡት 70 ኔፌሽ ናቸው ሲል ሰው መቁጠሩ ነው። እንስሳትም አልቀሩም፤ ዘፍጥረት 1 ላይ የባሕሩም የምድሩም እንስሳ «ኔፌሽ ሐያ»፣ ሕያው ነፍስ ነው። ዘኍልቍ 6፥6 ላይማ ሬሳ እንኳ ኔፌሽ ተብሏል።

አሁን ወደ ዘፍጥረት 2፥7 እንምጣ፣ ምክንያቱም ትልቁ ነገር ያለው እዚህ ነው። ብዙዎቻችን የምናነበው አማርኛ አዳም «ሕያው ነፍስ ያለው ሆነ» ይላል። ዕብራይስጡ ውስጥ «ያለው» የለም። አፈሩ ተበጀ፣ እስትንፋስ እፍ ተባለበት፣ ሰውም ሕያው ኔፌሽ ሆነ። አዳም እዚህ ላይ ኔፌሽ የተሰጠው ሰው አይደለም፤ ራሱ፣ ከነአፈሩ ከነትንፋሹ፣ ኔፌሽ ነው። ይህን ስል ነፍስ ከሥጋ ስትለይ ምን ትሆናለች የሚለውን ትምህርት እየነካሁ አይደለም፤ እሱ ሌላ ሰፊ ጉዳይ ነው። እዚህ ቦታ ላይ ቃሉ የሚለው ግን ይህን ነው።

ዘመዶቹ ሁለት ናቸው። «ነሻማ» እስትንፋስ ነው፤ አዳም አፍንጫ ላይ እፍ የተባለው እሱ ነው። «ሩአሕ» ደግሞ ነፋስም፣ ትንፋሽም፣ መንፈስም ነው፤ ሕዝቅኤል 37 ላይ የደረቁት አጥንቶች ታሪክ ውስጥ ይኸው አንድ ቃል በሦስቱም ፍቺ ይመላለሳል። የሚገርመኝ የእኛ ነገር ነው። ዕብራይስጥ ለእነዚህ ሦስት የተለያየ ሥር ሲጠቀም፣ እኛ ነፍስን፣ እስትንፋስን፣ ነፋስን፣ መንፈስን ሁሉንም ያወጣነው ከአንድ ሥር ነው። ዝምድናቸውን ቃሉ ራሱ ይናገራል፣ እኛ ግን ስለለመድነው አንሰማውም።

መዝሙር 23 (በግእዙ 22) ላይ «ነፍሴን መለሳት» የሚለውን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። አብዛኛውን ጊዜ የሚሰበከው ስለ ንስሐ ነው፣ መልካም ነው። ግን ሰቆቃወ ኤርምያስ 1፥11ን አጠገቡ አድርጋችሁ አንብቡት። ኢየሩሳሌም ተርባለች፤ ሕዝቡ እያቃሰተ እንጀራ ይፈልጋል፣ የከበረ ዕቃውን ለምግብ ይሰጣል፣ «ኔፌሽን ለመመለስ»። ያው አባባል ነው። እረኛውም በጎቹን ወደ ዕረፍት ውኃ ነው የወሰዳቸው። በጉ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ጠጣ፣ ነፍሱም መለስ አለች።