«ባንክ ነው ያለው፣ አይነካም አይደል?»፦ ካናዳ ውስጥ በጥንቃቄ ኢንቨስት ስለማድረግ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ባለፈው እሁድ ቶሮንቶ ውስጥ አንዲት እናት ቤት ቡና ተጠርቼ ነበር። አቦሉ አልቆ ቶናው ሲቀዳ ከቦርሳቸው የታጠፈ ፖስታ አወጡ። «እስቲ ልጄ፣ ይቺን እይልኝ» አሉኝ።

የባንክ ስቴትመንት ነው። ለዓመታት ሆስፒታል ሲያጸዱ ያጠራቀሙት 40 ሺህ ዶላር፣ ባንካቸው «ኮንሰርቫቲቭ» (ጥንቁቅ) ብሎ በሸጠላቸው ሚውቹዋል ፈንድ፣ ማለትም የብዙ ሰው ገንዘብ አንድ ላይ ተሰብስቦ ኢንቨስት በሚደረግበት ቋት ውስጥ ተቀምጧል። ጥያቄያቸው አንድ ነበር፦ «ባንክ ነው ያለው፣ አይነካም አይደል?»

ይሄን ጥያቄ ከስንት ሰው ሰምቼዋለሁ። ሰው ለፍቶ ያገኘውን ገንዘብ ባላወቀው ነገር ሲያጣ ማየት ያመኛል፤ ስለዚህ ያን ቀን ለእሳቸው ያልኩትንና ከሌሎችም የምሰማውን አንድ በአንድ ልጻፈው።

«ባንክ የሸጠልኝ ስለሆነ መንግሥት ዋስ ነው»

ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው የሚያሳስተው። ሲዲአይሲ የሚባል የፌዴራል የተቀማጭ ገንዘብ ዋስትና ተቋም አለ። አባል የሆነ ባንክ ቢከስር፣ ቼኪንግና ሴቪንግ ውስጥ ያለ ገንዘብ፣ እንዲሁም ጂአይሲ (ለተወሰነ ጊዜ ተቆልፎ ወለድ የሚከፍል ተቀማጭ)፣ በየምድቡ እስከ 100 ሺህ ዶላር ይመለሳል። ሚውቹዋል ፈንድ፣ ኢቲኤፍ (እንደ አክሲዮን ገበያ ላይ የሚሸጥ ፈንድ) እና አክሲዮን ግን እዚህ ውስጥ የሉም። ያው መስኮት፣ ያው ሠራተኛ፣ ያው ዓርማ ያለበት ወረቀት ቢሆንም የሉም።

ሲአይፒኤፍ የሚባል ሌላም አለ። አክሲዮንና ፈንዳችሁን የያዘላችሁ አባል ድርጅት ከስሮ ንብረታችሁ ቢጎድል እስከ 1 ሚሊዮን ዶላር ይሸፍናል። ገበያው ወርዶ ዋጋው ቢቀንስ ግን ሳንቲም አይከፍልም። ሁለቱም የሚጠብቋችሁ ከድርጅቱ መክሰር ነው። ከዋጋ መውረድ የሚያድን ዋስ የለም።

ይሄን ስነግራቸው ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «ታዲያ ኮንሰርቫቲቭ ያሉት ምኑን ነው?»

«ኮንሰርቫቲቭ ከተባለ አይወርድም»

ቃሉ የሚናገረው ስለ ድብልቁ ነው። አብዛኛው ቦንድ (ለመንግሥት ወይም ለድርጅት አበድራችሁ ወለድ የምታገኙበት ወረቀት)፣ ቀሪው አክሲዮን ማለት ነው። ቦንድ ደግሞ ይወርዳል፤ በ2022 ብዙ ሰው ይሄን ያወቀው ስቴትመንቱን ከፍቶ ነው። የካናዳ ማዕከላዊ ባንክ 0.25 በመቶ የነበረውን ወለድ በማርች 2022 ማሳደግ ጀመረና በጁላይ 2023 5 በመቶ አደረሰው። በዚያው በ2022 የካናዳ ቦንድ ገበያ ከ11 በመቶ በላይ ወረደ። አክሲዮን የፈራ ሰው በቦንዱ ተመታ።

ለምን? 2 በመቶ የሚከፍል የ1,000 ዶላር ቦንድ ይዛችኋል እንበል። በዓመት 20 ዶላር ታገኛላችሁ። በማግስቱ አዲስ የሚወጣው ቦንድ 4 በመቶ፣ ማለትም 40 ዶላር መክፈል ጀመረ። የእናንተን አሮጌ በ1,000 ዶላር ማን ይገዛችኋል? ማንም። ዋጋ ካልቀነሳችሁ አይሸጥም። መክፈያ ጊዜው የራቀ ከሆነ ደግሞ ቅናሹ ይብሳል። ፈንድ ውስጥ እንዲህ ያሉ ቦንዶች በመቶዎች ስላሉና በየቀኑ በገበያ ዋጋ ስለሚተመኑ፣ ቅናሹ እናንተ ስቴትመንት ላይ ይታያል።

ይሄ ማለት ፈንዱ ተበላሸ ማለት አይደለም። አሮጌዎቹ ቦንዶች ጊዜያቸው ሲደርስ ገንዘቡ ከፍ ያለ ወለድ በሚከፍሉ አዲሶች ይተካል። የታገሰ ሰው ያገግማል። በስድስት ወር ውስጥ ለልጁ የትምህርት ክፍያ የሚያስፈልገውን ገንዘብ እዚያ ያስቀመጠ ግን ተጎዳ። ስለዚህ የፈንዱን ስም ከማየታችሁ በፊት «ይሄን ገንዘብ መቼ ነው የምፈልገው?» በሉ። እኔ ሰው ሲያማክረኝ ሌላ ነገር ከመጠየቄ በፊት የምጠይቀው ይሄን ብቻ ነው።

«እንግዲያው ጂአይሲ ብቻ ነው ደህናው»

በሁለት ዓመት ውስጥ ለሚፈለግ ገንዘብ፣ አዎ። ለጡረታ ብቻውን አይሆንም። አስሉት። 10 ሺህ ዶላር በ4 በመቶ 400 ዶላር ይወልዳል። ቲኤፍኤስኤ (ከታክስ ነፃ የቁጠባ ሒሳብ) ወይም አርአርኤስፒ (የጡረታ ቁጠባ ሒሳብ) ውስጥ ካልሆነ ወለዱ እንደ ደመወዝ ሙሉ ለሙሉ ታክስ ይደረጋል፤ የመጨረሻው ዶላራችሁ 30 በመቶ የሚቆረጥበት ከሆነ 280 ዶላር ይቀራችኋል። በዚያ ዓመት ኑሮው በ3 በመቶ ከተወደደ፣ ያው 10 ሺህ የመግዛት አቅሙ 300 ዶላር አጥቷል። ቁጥሩ ጨምሯል፣ እናንተ ግን 20 ዶላር ከስራችኋል። በ2022 የካናዳ የዋጋ ግሽበት በአማካይ 6.8 በመቶ እንደነበር አስታውሱ። ይሄ ኪሳራ ስቴትመንት ላይ አይጻፍም። ኖ ፍሪልስ ሄዳችሁ ሽንኩርትና ዘይት ስትገዙ ነው የሚታያችሁ።

«ትልቅ ድርጅት፣ ትልቅ ዲቪደንድ፣ እንቅልፍ ያለው ኢንቨስትመንት»

ይሄኛው እኛ ማኅበረሰብ ውስጥ በጣም ተስፋፍቷል። «ሁሉም ሰው ስልክ ይጠቀማል፣ ስለዚህ የስልክ ድርጅት አክሲዮን አይወድቅም» የሚለውን ስንቴ ሰማሁት። ቢሲኢ፣ የቤል ባለቤት ማለት ነው፣ ለብዙ ካናዳውያን ጡረተኞች እንደ ቦንድ የሚቆጠር አክሲዮን ነበር። በሜይ 2025 ዓመታዊ ዲቪደንዱን፣ ለአንድ አክሲዮን የሚከፍለውን የትርፍ ድርሻ ማለት ነው፣ ከ3.99 ዶላር ወደ 1.75 ዶላር አወረደው። ከዚያ በፊት ዋጋው ሲወርድ ስለቆየ ዲቪደንዱ ከአክሲዮኑ ዋጋ ከ10 በመቶ በላይ ሆኖ ይታይ ነበር፤ ሰው ያን ቁጥር እያየ ገዛ። ያ ቁጥር ግን ማስጠንቀቂያ ነበር። የኢንሹራንስ ድርጅቱ ማኑላይፍም በ2009 ዲቪደንዱን በግማሽ ቀንሷል።

ከሁሉም የከፋው የቴሌኮም መሣሪያ አምራቹ ኖርቴል ነው። በ2000 ከቶሮንቶ ገበያ ዋና ኢንዴክስ (የትልልቅ ድርጅቶች አክሲዮን ዋጋ መለኪያ) ውስጥ ከሲሶ በላዩ እሱ ብቻ ነበር። አንዱ አክሲዮን ከ120 ዶላር በላይ ደርሶ ነበር፤ በ2002 ከ1 ዶላር በታች ወረደ፣ በጃንዋሪ 2009 የኪሳራ ከለላ ጠየቀ። ጡረታቸውን እዚያ ያስቀመጡ የራሱ ሠራተኞች ነበሩ። ሞኞች አልነበሩም፤ የሚያውቁትን ድርጅት ነው ያመኑት።

ዲቪደንድ መጥፎ ነው አላልኩም። የካናዳ ድርጅቶች ዲቪደንድ የታክስ ቅናሽም አለው፣ ባንክ ኦፍ ሞንትሪያል ከ1829 ጀምሮ ሲከፍል ኖሯል። ሦስት አራት አክሲዮን ይዞ «ተጠንቅቄያለሁ» ማለት ነው የማይሆነው። ሁሉም የካናዳ ቢሆኑም ያው ነው፤ የካናዳ ገበያ ከዓለም 3 በመቶ ገደማ ነው፣ ከዚያም ከግማሽ በላዩ ባንክና ኢንሹራንስ፣ ነዳጅና ማዕድን ነው።

«2 በመቶ ምን አላት?»

ወደ እትዬ ፖስታ ልመለስ። የፈንዱን ስም ስልኬ ላይ ፈልጌ መግለጫውን አወጣሁ። ኤምኢአር የሚባለው ዓመታዊ ወጪ 1.9 በመቶ ነው። «አንድ ብር ከዘጠና እኮ ነው» አሉ። ፖስታው ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ ጻፍኩላቸው፦ ከ40 ሺህ ላይ 760 ዶላር፣ በየዓመቱ፣ ፈንዱ ቢያተርፍም ባያተርፍም። ሲቆረጥ አያዩትም። ከፈንዱ ዋጋ ውስጥ ተቀንሶ ነው የሚቀርብላቸው።

ይሄው 40 ሺህ ለ20 ዓመት ቢቀመጥና ከወጪ በፊት በዓመት 5 በመቶ ቢያድግ፣ 1.9 በመቶ እየተከፈለ ወደ 73 ሺህ 600 ዶላር ይደርሳል። 0.2 በመቶ ብቻ እየተከፈለ ወደ 102 ሺህ። ልዩነቱ ከ28 ሺህ በላይ ነው። የስንት ሌሊት ፈረቃ ነው?

ርካሹ አማራጭ ደግሞ ባዕድ ነገር አይደለም። በዓለም የመጀመሪያው ኢቲኤፍ እዚሁ ቶሮንቶ ገበያ ላይ ነው በ1990 የወጣው። ቫንጋርድ በ2018 ያመጣው ቪሲኤንኤስ የሚባለው ኢቲኤፍ 60 በመቶ ቦንድ፣ 40 በመቶ የመላው ዓለም አክሲዮን በአንድ ላይ ይዟል፣ ራሱን በራሱ ያስተካክላል፣ ወጪው ከሩብ በመቶ አይበልጥም። ሌሎች ድርጅቶችም ተመሳሳይ አላቸው። ባንኩ ውስጥ የሚያነጋግሯችሁ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሸጡት የባንኩን የራሱን ፈንድ ስለሆነ ይሄን ላይነግሯችሁ ይችላሉ።

«ቲኤፍኤስኤ ሞልቼያለሁ፣ አርአርኤስፒ ገዝቻለሁ»

አይገዙም። ቲኤፍኤስኤና አርአርኤስፒ ድስት ናቸው፤ ወጡ ውስጣቸው የምትጨምሩት ነው። ጂአይሲም፣ ኢቲኤፍም፣ አክሲዮንም ይገባል። ቲኤፍኤስኤ ስሙ ላይ «ቁጠባ» ስላለ ብቻ ባዶ ሴቪንግ አድርጎ ለዓመታት የተወው ሰው ስፍር ቁጥር የለውም።

አዲስ ለመጣ ሰው ደግሞ አንድ ከባድ ስህተት አለ። «እስከ 2025 ድረስ 102 ሺህ ማስገባት ይቻላል» ሲባል ይሰማና ያስገባል። ያ ቁጥር በ2009 እዚህ ነዋሪ ለነበረና 18 ዓመት ለሞላው ሰው ነው። በ2021 የመጣ አዋቂ ሰው ቦታው እስከ 2025 ድረስ 32 ሺህ 500 ነው፤ 6,000፣ 6,000፣ 6,500፣ 7,000፣ 7,000። ከልክ ያለፈው ገንዘብ ላይ በየወሩ 1 በመቶ ቅጣት አለ። ያወጣችሁትንም በዚያው ዓመት ልመልስ ካላችሁ ሌላ ያልተጠቀማችሁበት ቦታ ያስፈልጋል፤ ያወጣችሁት ቦታ የሚመለሰው በሚቀጥለው ጃንዋሪ 1 ነው። የሲአርኤ (የታክስ መሥሪያ ቤቱ) ማይ አካውንት የሚያሳየውን ቁጥር እንኳ ከራሳችሁ መዝገብ ጋር አመሳክሩ፣ ዘግይቶ ነው የሚታደሰው።

«ኢንቨስት ማድረግ ለሀብታም ነው»

ልጅ ያላችሁ ይሄን በደንብ አንብቡልኝ። አርኢኤስፒ (ለልጅ ትምህርት የሚቆጠብበት ሒሳብ) ውስጥ በዓመት 2,500 ዶላር ብታስገቡ መንግሥት 500 ይጨምራል፣ ለአንድ ልጅ በድምሩ እስከ 7,200። ገቢያችሁ ዝቅተኛ ከሆነና ልጁ ከ2004 ወዲህ የተወለደ ከሆነ፣ ካናዳ ለርኒንግ ቦንድ የሚባለው የመንግሥት ስጦታ አለ፤ እናንተ አንድ ሳንቲም ሳታስገቡ እስከ 2,000 ዶላር ይሰጣል። መክፈትና መጠየቅ ብቻ ነው የሚፈልገው። እቁብ በየሳምንቱ ሳያጓድል የሚጥል ማኅበረሰብ በወር 50 ዶላር በራሱ ጊዜ ከሒሳቡ እየሄደ እንዲገዛ ማድረግ አያቅተውም።

«ሲወድቅ አውጥቼ ሲረጋጋ እመለሳለሁ»

በ2020 የቶሮንቶ ገበያ ከፌብሩዋሪ 20 እስከ ማርች 23 በ37 በመቶ ገደማ ወረደ። እኔም ያኔ የተወሰነውን ሸጥኩ። መረጋጋቱን ስጠብቅ ገበያው ተመልሶ ወጣ፤ በጃንዋሪ 2021 ከበፊቱ ጫፍ አልፎ ነበር። ያን ጊዜ ድንጋጤዬ ያስከፈለኝ በቂ ቦንድ ስላልያዝኩ ነው። ድብልቁ ከመጀመሪያው ሆዴ የሚችለው ቢሆን አልሸጥም ነበር።

እትዬ ቡናው እስኪነሳ ድረስ አሰቡ። ከ40 ሺው ውስጥ 12 ሺው የዛሬ ዓመት ተኩል አገር ቤት ለመግባትና የወንድማቸውን ቤት ለማስጨረስ ነው። ቀሪው የእርጅናቸው ነው። 12 ሺውን ወደ ጂአይሲ፣ ቀሪውን ወደ ርካሽ ኮንሰርቫቲቭ ኢቲኤፍ ማዞር ፈለጉ። ፖስታው ጀርባ ላይ፣ ከሒሳቡ ሥር፣ ለባንኩ ሦስት ጥያቄ በአማርኛ ጻፉ። የፈንዱ ወጪ ስንት ነው? ፈንዱን ሸጬ ስወጣ የመውጫ ቅጣት አለው? ፈንዱ ያለው ቲኤፍኤስኤ ውስጥ ስለሆነ፣ ገንዘቡን በእጄ ሳላወጣ፣ ከቲኤፍኤስኤ ወደ ቲኤፍኤስኤ በቀጥታ ለማዛወር የትኛውን ቅጽ ልሙላ? ሦስተኛው ሥር ሁለት ጊዜ አሰመሩበት። ቀጠሯቸው ሐሙስ ነው፣ አብሬያቸው እሄዳለሁ።