ውሻዬን ማን መረዘው? እንጉዳይና ሆርሞን ላይ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ክረምት ሲገባ ጅማ ውስጥ ቡናው ስር፣ የበሰበሰ ግንድ ላይ፣ ጓሮ ሳይቀር እንጉዳይ ይፈላል። ውሻ ሲታመም ግን ሰፈሩ የሚያውቀው ምክንያት አንድ ነው፣ ጎረቤት።

"ውሻ አሽትቶ ያውቃል፣ መርዛም አይበላም።" ይበላል እንጂ! ቡችላማ ያገኘውን ሁሉ ነው የሚያላምጠው።

"መርዝ ቢሆን ወዲያው ይደፋው ነበር።" ብዙ ውሻ የሚያስጨርሰው ይሄ ነው። አማቶክሲን የሚባል ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያለበትን እንጉዳይ የበላ ውሻ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ምንም ላይታይበት ይችላል፣ ከዛ ትውከትና ተቅማጥ ያጣድፈዋል፣ ከዛ ደሞ ቀና ይልና ጅራቱን ይቆላል፣ ባለቤቱም "ወጣለት፣ ተመስገን" ብሎ ይተወዋል። ጉበቱ ግን በዛችው ሰዓት እያለቀ ነው፤ በ2ኛው በ3ኛው ቀን ድዱና አይኑ ቢጫ ሆኖ ሲወድቅ ዶክተር ቢጠራም ብዙ ጊዜ ረፍዷል። መርዙ በመቀቀልም አይጠፋም፣ ስለዚህ "ትራፊ ነው የበላው" ማለት አያድንም።

"ለሀጩ ከተዝረበረበ አብዷል።" ሁሌ አይደለም፤ ሙስካሪን የሚባል ሌላ መርዝ ያለበት እንጉዳይ በ2 ሰዓት ውስጥ ለሀጭ፣ እንባና ተቅማጥ ያመጣል፣ ለሱ ደግሞ አትሮፒን የሚባል መርፌ አለ። ቢሆንም የእብድ ውሻ በሽታ አገራችን ያለ ነገር ስለሆነ እጃችሁን አፉ ውስጥ እንዳትከቱ፣ ዘግታችሁበት ዶክተር ጥሩ።

"ወተት አጠጣው።" ወተት ይሄን መርዝ አያረክስም። ጨው በጥብጦ ማስመለስ ደሞ ጭራሽ ሌላ መርዝ ነው። የቀረውን እንጉዳይ በወረቀት (በፌስታል አይደለም፣ ይበሰብሳል) ጠቅልላችሁ ከውሻው ጋር ይዛችሁ ሂዱ።

"በየወሩ እየመረዙብኝ ነው።" እዚህ ጋ ጎረቤትን ከመክሰስ በፊት ደም ይታይ። ያስመልሳል፣ እግሩ ይከዳዋል፣ ሳላይን ሲደረግለት ብድግ ይላል፣ ከሳምንታት በኋላ ያው ነው፤ ይሄ አዲሰን የሚባል የሆርሞን በሽታ ሊሆን ይችላል። ከኩላሊት አጠገብ ያሉት እጢዎች ኮርቲሶልና አልዶስትሮን የሚባሉትን ሆርሞኖች ማመንጨት ሲያቅታቸው ደም ውስጥ ሶዲየም ይወርዳል፣ ፖታሲየም ይጨምራል፣ ልብ ይደክማል። ሳላይኑ ለጊዜው ነው የሚያነሳው፣ መድሃኒቱ የእድሜ ልክ ነው።

"ተመችቶታል፣ ወፈረ።" ሆዱ ብቻ ተነፍቶ ፀጉሩ ከሳሳ፣ ውሃ ሲጠጣ ሲሸና ከዋለ ምቾት አይደለም፣ ኩሺንግ የሚባል በሽታ ምልክት ነው፣ ኮርቲሶል በዝቶበት። ለእከክ እየተባለ ስቴሮይድ (እንደ ኮርቲሶል የሚሰራ መድሃኒት) ሲወጋ የከረመ ውሻም እንዲህ ይሆናል። ያን ሰምታችሁ ደግሞ መድሃኒቱን በአንዴ እንዳታቆሙ፣ እጢው ስራ ፈትቶ ስለከረመ እንደ አዲሰኑ ሊዘረጋባችሁ ይችላል፤ ቀስ በቀስ የሚቀንሰው ዶክተሩ ነው።