«ዲኢአይ ተሰረዘ አሉ»፦ ብዙዎቻችን የምንሳሳትባቸው ነገሮች

በጃንዋሪ 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ሥልጣን በያዙ ማግስት የዲኢአይ ነገር የእኛም የቡና ወሬ ሆኖ ነበር። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ቤት ቡና እየጠጣን ሳለ አንዱ «ጎሽ፣ ተገላገልን» አለ። አጠገቡ ያለችው ደግሞ «እኛ አለቀልን በሉ» አለች። ሁለቱም አሜሪካ ብዙ ዓመት ሠርተዋል። ዲኢአይ ላይ የሚሠራ ሰው ጠዋት ቢሮ ገብቶ ምን እንደሚሠራ ስጠይቃቸው ግን ሁለቱም ዝም። አልፈርድባቸውም፤ እኔም ለረጅም ጊዜ አላውቅም ነበር።

ዲኢአይ ብዝኃነት፣ ፍትሐዊነትና አካታችነት የሚሉት ሦስት ቃላት የእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃል ነው። ሰዎቹ በኩባንያ፣ በሆስፒታል፣ በዩኒቨርሲቲና በከተማ አስተዳደር ይቀጠራሉ። አብዛኛው ሥራቸው አሰልቺ ነው። ኤክሴል ነው። ማን አመለከተ? ማን ለኢንተርቪው ተጠራ? ማን ተቀጠረ? ስንት ይከፈለዋል? ማን ፕሮሞሽን አገኘ? ማንስ ለቀቀ? ቁጥሩን ዘርግተው ያዩታል። ጥቁሮቹ ወይም ላቲኖዎቹ መንገድ ላይ የሆነ ቦታ ከቀሩ፣ የቀሩበትን በር ይፈልጋሉ። በአብዛኛው ሥራው ይሄ ነው። ወሬው ግን ሌላ ነው።

«ከጆርጅ ፍሎይድ በኋላ የመጣ ፋሽን ነው»

ጆርጅ ፍሎይድ ሚኒያፖሊስ ውስጥ የተገደለው በሜይ 2020 ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ ኩባንያዎች ለዚህ ሥራ ኃላፊ መሾማቸው እውነት ነው። አንዳንዶቹ ሹመት እንጂ በጀትም ሥልጣንም አልሰጧቸውም። እሱን ፋሽን ብትሉት አልከራከርም።

ሥራው ግን የኛ ወላጆች ሳይሰደዱ በፊት የነበረ ነው። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ የመንግሥት ኮንትራት የሚወስዱ ኩባንያዎች በዘር እንዳያዳሉ ያዘዙት በ1961 ነው። በ1964 ፕሬዚዳንት ጆንሰን የሲቪል መብቶችን ሕግ ፈረሙ። የሕጉ ሰባተኛ ክፍል በዘር፣ በቀለም፣ በሃይማኖት፣ በፆታና በመጡበት አገር ምክንያት በሥራ ላይ ማዳላትን ከለከለ። ሕግ ሲወጣ ደግሞ ኩባንያ ውስጥ «ይሄን እንዴት ነው የምናከብረው?» ብሎ የሚያስብ ሰው ያስፈልጋል። ሙያው የተወለደው እዚያ ጋ ነው።

እኔ የምወደው የዜሮክስን ታሪክ ነው። የፎቶኮፒ ማሽን ኩባንያ ነው፤ ያኔ ኒውዮርክ ግዛት፣ ሮቸስተር ከተማ ነበር። በ1964 በጋ ከተማው ውስጥ ከባድ የዘር ሁከት ተነሳ። የዜሮክስ አለቃ ጆሴፍ ዊልሰን ኩባንያው ጥቁሮችን እንዲቀጥር ገፋ። ተቀጠሩም። የተቀጠሩት ግን ተቀጥሮ መግባትና እኩል መሥራት የተለያየ መሆኑን ቶሎ አዩ። ሽያጭ ላይ የነበሩት ጥቁሮች የሚሰጣቸው ሰፈር ገበያ የሌለበት መሆኑ ያንገበግባቸው ነበር። ሬስቶራንት የሠራ ሰው ይሄን ያለ ማብራሪያ ይገባዋል። ደሞዙ እኩል ነው፤ አንቺ ግን ቲፕ የማይገኝበት ጠረጴዛ ላይ ነሽ። በ1970 ጥቁር ሠራተኞቹ የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ። ዛሬ በየኩባንያው የምናየው የሠራተኞች ቡድን ሁሉ የዚያ ልጅ ነው። በ1980 ለበጋ ልምምድ ወደ ዜሮክስ የገባች ኧርሱላ በርንስ የምትባል ጥቁር ወጣት በ2009 የኩባንያው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆነች። ከአሜሪካ 500 ትልልቅ ኩባንያዎች አንዱን የመራች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናት።

«ኮታ ነው፤ ጥቁር ስለሆነ ብቻ ይቀጥሩታል»

ሕጉ ራሱ ይሄን አይፈቅድም። የ1964ቱ ሕግ አንድ ቀጣሪ የሠራተኞቹ ቁጥር ስላልተመጣጠነ ብቻ ለአንድ ወገን እንዲያዳላ አያስገድድም። በ1991 የተሻሻለው ደግሞ የፈተና ውጤትን በዘር እያዩ ማስተካከልን ከልክሏል። ስለዚህ እነዚህ ባለሙያዎች «አምስት ጥቁር አምጡ» ብለው ቢያዙ ኩባንያቸውን የሚያስከስሱት ራሳቸው ናቸው።

የሚሠሩት ከመቀጠሩ በፊት ያለውን መንገድ ነው። ማስታወቂያው የት ወጣ? ለሁሉም አመልካች አንድ ዓይነት ጥያቄ ተጠየቀ? ነጥቡን አንድ ሰው ብቻ ነው የሰጠው?

የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ በ2003 ያመጣው የሩኒ ደንብ ጥሩ ምሳሌ ነው። ቡድኖች ዋና አሠልጣኝ ሲፈልጉ ነጭ ያልሆነ ሰውም ለኢንተርቪው እንዲጠሩ ያስገድዳል። እንዲቀጥሩ አይደለም። ችግሩም የመጣው ከዚሁ ነው። በ2022 ብራያን ፍሎሬስ የሚባል ጥቁር አሠልጣኝ ሊጉን ከሰሰ። ክሱ ላይ እንዳለው፣ ኒውዮርክ ጃየንትስ ሊጠይቀው ሦስት ቀን ሲቀረው ከሌላ ታዋቂ አሠልጣኝ የእንኳን ደስ አለህ ቴክስት ደረሰው። ቴክስቱ የታሰበው ለሌላ ብራያን ነበር። በክሱ መሠረት ሥራው አስቀድሞ ለዚያኛው ተሰጥቷል ማለት ነው። አገር ቤት ማስታወቂያ አይተን ሄደን «ቦታውማ ባለቤት አለው» የተባልን ሰዎች አንስቅም አይባልም።

በእስራኤል ነገሩ ይለያል። እዚያ የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ በ2011 ሲሻሻል ትውልደ ኢትዮጵያውያን ተገቢ ውክልና እንዲኖራቸው በስም ጠቅሶ ደንግጓል። ሁለቱን አገር እያደባለቁ መከራከር እኛ ዘንድ የተለመደ ስለሆነ ነው ያነሳሁት።

«ማንም አልሰደበኝም፤ እኛ ጋ ዘረኝነት የለም»

በኔ ግምት ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ሙያውን ለመረዳትም ቁልፉ እዚህ ነው።

ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ዱክ ፓወር የሚባል የመብራት ኃይል ኩባንያ ዳን ሪቨር የሚባል ማመንጫ ነበረው። ማመንጫው አምስት ክፍል ነበረው። ጥቁሮች የሚሠሩት በአንዱ ብቻ ነው፤ በጉልበት ሥራው። እዚያ ከፍተኛ የሚባለው ደሞዝ በሌሎቹ አራት ክፍሎች ዝቅተኛ ከሚባለው ያንስ ነበር። የ1964ቱ ሕግ ሥራ ላይ የዋለው ጁላይ 2 ቀን 1965 ነው። ኩባንያው በዚያው ቀን፣ አዎ በዚያው ቀን፣ ከጉልበት ሥራው ውጪ ለመቀጠር የሃይስኩል ዲፕሎማ ብቻ አይበቃም፤ ሁለት ፈተናም ማለፍ ግዴታ ነው አለ።

ፈተናው ላይ ስለ ቀለም አንድ ቃል የለም። ለሁሉም እኩል ነው። ግን በዚያ ዘመን ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ጥቁሮች የሚማሩት በተለየና በደከመ ትምህርት ቤት ነበር። ደግሞ ቀደም ብለው ያለ ዲፕሎማ የገቡት ነጮች ሥራቸውን በደንብ እየሠሩ፣ እድገትም እያገኙ ነበር። ታዲያ ዲፕሎማው ለምን አስፈለገ?

አሥራ ሦስት ጥቁር ሠራተኞች ከሰሱ። የመዝገቡ ስም የተሰየመው በአንደኛው፣ በዊሊ ግሪግስ ነው። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1971 ዳኞቹ በሙሉ ድምፅ ፈረዱላቸው። የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ዋረን በርገር ውሳኔው ውስጥ ሁላችንም በልጅነታችን የምናውቀውን የቀበሮና የሽመላ ተረት ጠቅሰዋል። ለሁለቱም ወተት ቀርቧል ማለት አይበቃም። ዕቃው ሁለቱም ሊጠጡበት የሚችሉት መሆን አለበት። ቀጣሪው ክፉ ሐሳብ ባይኖረውም፣ መስፈርቱ አንድን ወገን በጅምላ የሚያስቀር ከሆነና ከሥራው ጋር ካልተያያዘ ሕገ ወጥ ነው።

ዛሬ አንድ ባለሙያ የሥራ ማስታወቂያ ይዞ «ለዚህ ሥራ ዲግሪ የግድ ነው ወይ?» ብሎ ማናጀሩን ሲያሰለች ስታዩት፣ የሚያነሳው የግሪግስን ጥያቄ ነው። ዘረኝነት ማለት ስድብ ብቻ ቢሆን ኖሮ እነሱም ባላስፈለጉ።

«ሥራቸው ስልጠና እየሰጡ ማሰልቸት ነው»

ስልጠናውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ቪዲዮ፣ ጥያቄ፣ ክሊክ፣ አለቀ። በሜይ 2018 ስታርባክስ ከ8,000 በላይ ሱቆቹን ለአንድ ከሰዓት ዘግቶ ሠራተኞቹን አሠልጥኗል። ፊላደልፊያ ውስጥ ሁለት ጥቁር ወንዶች ሰው እየጠበቁ ሳለ ፖሊስ ተጠርቶባቸው ስለታሠሩ ነው። ለዜና ጥሩ ነው።

ፍራንክ ዶቢንና አሌክሳንድራ ካሌቭ የሚባሉ የሶሲዮሎጂ ምሁራን ከ800 በላይ የአሜሪካ ኩባንያዎችን የሠላሳ ዓመት መረጃ አይተዋል። ለማናጀሮች የግዴታ ስልጠና ያመጡ ኩባንያዎች ከአምስት ዓመት በኋላ ያሳዩት ለውጥ የለም ማለት ይቻላል። እንዲያውም የጥቁር ሴት ማናጀሮች ድርሻ በአማካይ በ9 በመቶ ቀንሷል። ሰው በግድ ሲነገረው ይበልጥ ይከርራል። የተሻለ የሠራው ለአዲስ ሠራተኛ አንድ ትልቅ ሰው መድቦ እንዲያሳድገው ማድረግና ከየክፍሉ የተውጣጣ ኮሚቴ ቁጥሩን እንዲከታተል ማድረግ ነው። ደህና ባለሙያ ይሄን ያውቃል። ስልጠናውን የሚወዱት ብዙ ጊዜ አለቆቹ ናቸው፤ ርካሽ ነው፣ ቶሎ ያልቃል።

«የጥቁር አሜሪካውያን ጉዳይ ነው፤ እኛን አይመለከትም»

መጀመሪያ የቃል ጣጣ አለ። እኛ «ዘር» ስንል ብዙ ጊዜ ብሔር ማለታችን ነው። የአሜሪካ ሕግ «ዘር» ሲል በዋናነት ጥቁር ነጭ የሚለውን ነው። «የመጡበት አገር» የሚለውን ደግሞ ለብቻው አስቀምጦታል። እኛ በሁለቱም በኩል እንገባለን። በአክሰንታችን ምክንያት ሥራ ወይም እድገት ቢከለክሉን፣ አክሰንቱ ሥራውን በእርግጥ የሚያደናቅፍ ካልሆነ በቀር ሕገ ወጥ ነው።

ስም ላይ እንምጣ። በ2004 የታተመ ዝነኛ ጥናት አለ። ሁለት የኢኮኖሚክስ ምሁራን ቦስተንና ቺካጎ ውስጥ ለወጡ የጋዜጣ ማስታወቂያዎች 5,000 ገደማ ሬዙሜ ላኩ። የሥራ ልምዱ ተመሳሳይ ነው፤ የተለየው ስሙ ነው። የነጭ የሚመስል ስም ያለበት 10 ሲልክ አንድ ስልክ ይደወልለታል። የጥቁር የሚመስለው 15 መላክ አለበት። ሙሉጌታ ሬዙሜው ላይ ማይክ የሚሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። አንዳንድ ቦታ ማመልከቻ የመጀመሪያው ዙር ላይ ያለ ስም የሚታየው ለዚህ ነው።

ፀጉርም አለ። ካሊፎርኒያ በ2019 ሹሩባና ድሬድ ምክንያት አድርጎ ማዳላትን የከለከለች የመጀመሪያዋ ግዛት ናት። ከዚያ በኋላ ሌሎች ግዛቶች ተከትለዋል።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን። ብዙዎቻችን የመጀመሪያ ሥራችንን ያገኘነው በአገር ልጅ ነው። ፓርኪንጉ፣ ሆቴሉ፣ ነርሲንግ ሆሙ፤ አንዱ ይገባና አሥር ይጎትታል። ደግ ነገር ነው፤ እኔም በዚያው ነው የገባሁት። ግን ያው አሠራር ላይኛው ፎቅ ላይም አለ። እዚያ የሚጎተቱት የእኛ ዘመዶች አይደሉም። ባለሙያዎቹ «በሰው በሰው መቅጠር ይቅር፣ ቦታው በግልጽ ይውጣ» ሲሉ ታች ባለው ሥራ ላይ እንጎዳ ይሆናል። ላይኛው ላይ ግን የሚከፈተው በር ያው ነው። ልጆቻችን የሚያመለክቱት ደግሞ ላይኛው ላይ ነው።

«ሕጉ ነጭን አይጠብቅም»

ይጠብቃል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1976 ብሎታል። በጁን 2025 ደግሞ ማርሊን ኤምስ በምትባል የኦሃዮ ሴት ጉዳይ፣ ከብዙኃኑ ወገን የሆነ ከሳሽ ከሌላው የበለጠ ማስረጃ አይጠየቅም ሲል በሙሉ ድምፅ ወስኗል።

«ትራምፕ ሰርዞታል፤ አለቀ»

ወደ ቡናው ወሬ ተመለስን። ፕሬዚዳንቱ በጃንዋሪ 20 እና 21 ባወጧቸው ትእዛዞች በፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ያሉ የዲኢአይ ቢሮዎች እንዲዘጉ አደረጉ። የጆንሰንን የ1965 ትእዛዝም ሻሩ። የመንግሥት ኮንትራት የሚወስዱ ኩባንያዎችን ለ60 ዓመት ገደማ ያስገደደው እሱ ነበር። ቀላል ነገር አይደለም። ብዙ ሰው ሥራውን አጥቷል፤ ብዙ ኩባንያም ቢሮውን ዘግቷል ወይም ስሙን ቀይሮታል። በኤፕሪል ደግሞ የግሪግስ ዓይነት ጉዳዮችን መንግሥት ቅድሚያ እንዳይሰጣቸው ታዘዘ።

ግን የፕሬዚዳንት ትእዛዝ ኮንግረስ ያወጣውን ሕግ አይሽርም። የ1964ቱ ሕግ አለ። በ1991 የግሪግስን ሐሳብ በሕግ ያጸናው ማሻሻያም አለ። ግለሰብ ዛሬም መክሰስ ይችላል። «ተገላገልን» ያለውም «አለቀልን» ያለችውም ቸኩለዋል።

«እነሱ ጋ ካመለከትኩ ጉዳዬ ተያዘልኝ»

ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ጋ ነው። ሰውየው የቱንም ያህል ደግ ቢሆን ደሞዙን የሚከፍለው ኩባንያው ነው። ያንተ ጠበቃ አይደለም። ኤች አርም (የሠራተኛ አስተዳደሩ) ጠበቃህ አይደለም። አሠራር ሊያስተካክል፣ አለቃህን ሊያናግር ይችላል። ከዚያ በላይ ሲሆን ግን የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም።

ከዚያ በላይ ለሆነው የፌዴራሉ የእኩል ሥራ ዕድል ኮሚሽን አለ። ከ1965 ጀምሮ የሚሠራ ነው። የዘር መድልዎን በተመለከተ ቢያንስ 15 ሠራተኛ ያለው ቀጣሪ ላይ አቤቱታ ይቀበላል። ክፍያ የለውም፤ ጠበቃም ግዴታ አይደለም። አመለከትክ ብሎ አለቃህ ቢበቀልህ ያ ራሱ ሌላ ጥፋት ነው።

ችግሩ ጊዜው ነው። ያለህ 180 ቀን ነው። ግዛቱ ወይም ከተማው ተመሳሳይ ሕግ የሚያስፈጽም የራሱ መሥሪያ ቤት ካለው 300 ይሆናል። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ ከሆንክ ደግሞ መሥሪያ ቤትህ ውስጥ ያለውን የእኩል ዕድል አማካሪ ማናገር ያለብህ በ45 ቀን ውስጥ ነው። ኩባንያው «እያጣራን ነው፣ ትንሽ ታገሥ» ሲልህ ቀኑ አይቆምም። መቆጠር የሚጀምረውም ውሳኔው ከተነገረህ ቀን ነው። ስለዚህ ያን ቀን ጻፈው፤ ማን ምን እንዳለህም ከሥሩ ጻፍ፤ ኢሜይሉንም ቅጂ ያዝ።