የአማተር ሬዲዮ አንቴና ኮአክሲያል ኮኔክተሮች፦ ብልሽትን መለየትና ከእርጥበት መጠበቅ

ኮአክሲያል ኬብል በመሃሉ የመዳብ ሽቦ፣ በዙሪያው የፕላስቲክ ኢንሱሌተር፣ ከዚያ በላይ የሽቦ ጉንጉን፣ በላዩም የውጭ ሽፋን ያለው የሬዲዮ ሞገድ ማስተላለፊያ ነው። ጥሩ ኬብል ከቤት ውጭ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚበላሸው፣ ሽፋኑ ተገፎ ጉንጉኑ ለአየር የሚጋለጥበት ጫፍ፣ ማለትም ኮኔክተሩ ነው።

በአማተር ጣቢያዎች (ለትርፍ ሳይሆን ለፍላጎት በሚሠሩ የሬዲዮ ጣቢያዎች) በብዛት የሚታየው ፒኤል-259 የተባለው ወንዴ ኮኔክተርና የሚገባበት ኤስኦ-239 ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የተሠራው ይህ ጥንድ «ዩኤችኤፍ ኮኔክተር» ቢባልም፣ ዛሬ ዩኤችኤፍ በሚባለው ከ300 ሜጋኸርትዝ በላይ ባለው ክልል እምብዛም አይመረጥም፤ ስሙ የቀረው ከዚያ ዘመን አጠራር ነው። ከስሙ ይልቅ የሚያሳስበው ግን ውሃ የሚያግድ የጎማ ቀለበት የሌለው መሆኑ ነው። በቤል ላብራቶሪ ፖል ኒል በ1940ዎቹ የነደፈው ኤን ኮኔክተር ቀለበቱም አለው፣ የኬብሉን 50 ኦም ኢምፒዳንስም (ለሬዲዮ ሞገድ የሚያሳየውን ተቃውሞ) ይጠብቃል፤ ያም ሆኖ ከቤት ውጭ ሳይሸፈን መተው የለበትም።

ውሃ የሚገባው በዝናብ ብቻ አይደለም። ቀን ፀሐይ ሲያሞቀው በኮኔክተሩ ውስጥ ያለው አየር ተስፋፍቶ ይወጣል፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ደግሞ እርጥብ አየር ወደ ውስጥ ይሳባል፣ እርጥበቱም ጤዛ ሆኖ ይቀራል። የኩራዝ ክር ጋዝ እንደሚስብ ሁሉ ጉንጉኑም ይህን ውሃ እየሳበ ወደ ኬብሉ ውስጥ ያዘልቀዋል። የኢንሱሌተሩ ፕላስቲክ፣ የፖሊኢትሊን፣ ዳይኤሌክትሪክ መጠን (የኤሌክትሪክ መስክን የመያዝ አቅሙ) 2.3 ገደማ ሲሆን የውሃ ግን ወደ 80 ይጠጋል፤ ስለዚህ ትንሽ ውሃ እንኳ የኬብሉን ጠባይ ይለውጣል፣ የዛገው ጉንጉን ደግሞ ኃይሉን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። የጠቆረ ወይም አረንጓዴ የሆነ ጉንጉን ቢደርቅም ወደ ቀድሞው አይመለስም። የሚሻለው የሚያበራ መዳብ እስኪታይ ድረስ እየቆረጡ መሄድ ነው።

ብዙዎችን የሚያሳስተው የኤስደብሊውአር መለኪያ ነው፤ ይህ ከተላከው ኃይል ምን ያህሉ ተንጸባርቆ እንደሚመለስ የሚያሳይ ሲሆን፣ ቁጥሩ ወደ 1 በጠጋ መጠን ጥሩ ይባላል። በአንድ አቅጣጫ 6 ዴሲቤል የሚያባክን የረጠበ ኬብል ቢኖርና የላይኛው ጫፉ ከአንቴናው ፈጽሞ ተለያይቷል እንበል። ከታች የተላከው 100 ዋት ጫፉ ላይ ሲደርስ 25 ይሆናል፤ ሁሉም ተንጸባርቆ ሲመለስ ደግሞ መለኪያው ጋር የሚደርሰው 6 ዋት ብቻ ነው። መለኪያውም 1.7 ገደማ ያሳያል፤ ይህን ያየ ሰው አንቴናው ደህና ነው ብሎ ይቀመጣል። ስለዚህ ምንም ሳይነካ ኤስደብሊውአሩ እየተሻሻለ የመጣ አንቴና ከመደሰት ይልቅ ሊያጠራጥር ይገባል።

ምርመራው ማሰራጫው ጠፍቶ፣ አንቴናው ከኬብሉ ተለያይቶ ይጀመራል፤ አንዳንድ አንቴናዎች በአሠራራቸው ለቀጥታ ጅረት ሾርት ስለሆኑ ሳይለያዩ መለካት ያሳስታል። በመልቲሜትር በማዕከላዊው ሽቦና በጉንጉኑ መካከል ምንም ግንኙነት መኖር የለበትም፤ ጥቂት ኪሎ ኦም አሳይቶ ቁጥሩ የሚዋዥቅ ከሆነ ውስጡ እርጥብ ነው። ቀጥሎ አንዱን ጫፍ ሾርት አድርጎ በሌላው ሲለኩ ከዜሮ ብዙ ያልራቀ ቁጥር መምጣት አለበት፤ ኮኔክተሩ ሲወዛወዝ ቁጥሩ ከዘለለ የተበየደው ቦታ ልል ነው። መልቲሜትር የማያሳየውን ብክነት ለማወቅ በሩቁ ጫፍ 50 ኦም ሰው ሠራሽ ጭነት (በአንቴና ፋንታ ኃይሉን ተቀብሎ ወደ ሙቀት የሚለውጥ መሣሪያ) ይታሰርና በሁለቱም ጫፎች ኃይሉ ይለካል፤ ከ100 ዋት 50 ብቻ ከደረሰ ብክነቱ 3 ዴሲቤል ነው።

የብየዳ ስህተቶች በአመዛኙ ከሙቀት ይመጣሉ። ደካማ ካውያ ጉንጉኑን ሳይዝ ሊዱን ላዩ ላይ ብቻ ይለጥፋል፤ ረጅም ጊዜ የቆየ ካውያ ደግሞ ፖሊኢትሊኑን አቅልጦ ማዕከላዊው ሽቦ ከቦታው እንዲሸሽ ያደርጋል። ብር የተቀባ ኮኔክተር ኒኬል ከተቀባው በቀላሉ ሊድ ይይዛል። አፈንግጣ ወደ ማዕከሉ የገባች አንዲት የጉንጉን ክር ሙሉ ሾርት ስለምትፈጥር፣ ከመዝጋት በፊት በደንብ ማየት ያስፈልጋል።

ኮኔክተሩ ከጠበቀ በኋላ ሽፋኑ በሦስት ንብርብር ይሠራል። መጀመሪያ ተራ የኤሌክትሪክ ናስትሮ ይጠቀለላል፤ ሥራው የሚቀጥለው የጎማ ናስትሮ ብረቱ ላይ እንዳይጣበቅ ማድረግ ነው። በላዩ እርስ በርሱ የሚዋሃድ የጎማ ናስትሮ፣ እየተሳበና ግማሽ በግማሽ እየተደራረበ፣ ከኮኔክተሩ አልፎ በኬብሉ ሽፋን ላይ እስኪያርፍ ይሄዳል። ይህ ናስትሮ ሳይሳብ ከተጠቀለለ አይዋሃድም። የላይኛው ንብርብር ከፀሐይ ጨረር የሚከላከል ጥሩ ቪኒል ናስትሮ ሲሆን፣ የቤት ክዳን ከታች ተጀምሮ ወደ ላይ እንደሚከደን ሁሉ እሱም ከታች ወደ ላይ ይጠቀለላል፤ የመጨረሻው ዙር ሳይሳብ ካልተለጠፈ ጫፉ ጊዜ ቆይቶ ይላቀቃል። ሲሊኮን የሚመርጡም አሉ፤ ሆምጣጤ የሚሸተው ዓይነት ግን ሲደርቅ የሚለቀው አሲድ መዳብን ስለሚበላ መወገድ አለበት። ኬብሉ ወደ ሳጥን ወይም ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ዘንበል ብሎ እንዲዞር ከተደረገ ውሃው ከመግቢያው በታች ይንጠባጠባል።

ሽፋኑን መክፈት ሲያስፈልግ በቢላዋ በቁመቱ ይሰነጠቃል፤ የመጀመሪያው ንብርብር በትክክል ተሠርቶ ከነበረ ሁሉም እንደ ልጣጭ በአንድ ላይ ተገፎ ይወጣል፣ ከሥሩም የጎማ ናስትሮው ያልተጣበቀበት ንጹሕ ብረት ይገኛል።